ካርቦኑን ተዉት፣ አየሩን ለኩ፦ ርካሽ ፉል ሰስፔንሽን ሳይክል ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ

ደሴ ላይ ካርቦን ሳይክል ይዞ የወጣ ሰው ሁለት ጥያቄ አይቀርለትም። አንደኛው «ስንት ገባ?» ነው። ሁለተኛው «ይሄ ፕላስቲክ ነገር አይሰበርም እንዴ?» የመጀመሪያውን እንደፈለጋችሁ መልሱ። ሁለተኛው ግን አነጣጥሮ የሳተ ጥያቄ ነው። ርካሽ ካርቦን ፉል ሰስፔንሽን፣ ማለትም ፊትም ኋላም ሾክ ያለው የተራራ ሳይክል፣ ባለቤቱን የሚያማርረው በካርቦኑ አይደለም። የሚያማርረው በሾኩ አየር፣ በኩሽኔታውና በፍሬኑ ነው። ብዙ ሰው ሳይክሉን ከካርቶን ያወጣና ሾኩ ውስጥ በተገኘው አየር ዝም ብሎ ይነዳዋል። ከዚያ «ደረቅ ነው፣ ወገቤን ፈጀው» ወይም «ዳገት ላይ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል» ብሎ ይሸጠዋል። ሳይክሉ ምንም አልሆነም። ለእሱ ክብደት ያስተካከለው ሰው የለም እንጂ።

መጀመሪያ ርካሽ ሲባል ምን እንደተቀነሰ እንይ። ካርቦን ፍሬም በሻጋታ ውስጥ የተደረደረ የካርቦን ጨርቅና ሙጫ ነው። ፍሬሙ ላይ «ቲ700» የሚል ተለጥፎ ብታዩ እሱ የክሩ ዓይነት ስም ነው፤ ቶሬይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያመርተው ክር። ክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ክሩ ብቻውን ፍሬም አይሆንም። ጥንካሬውን የሚወስነው ጨርቁ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ድርብ፣ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተደረደረ ነው፤ ይሄ ደግሞ ተለጥፎ አይታይም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ካርቦን የሆነው የፊተኛው ክፍላቸው ብቻ ነው። ጎማውን የሚይዘው የኋላው ክፍል አሉሚኒየም ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን አውቃችሁ ግዙ።

ከአሉሚኒየም ፍሬም ጋር ሲነጻጸር የምታተርፉት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ጀርባችሁ ላይ የምትሸከሙት ሁለት ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ነው። ፋብሪካው ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ደግሞ ከሾኩ፣ ከፍሬኑና ከቸርኬው ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዋጋ ካርቦን ከደካማ ሾክ ጋር ወይም አሉሚኒየም ከጥሩ ሾክ ጋር ብታገኙ፣ እኔ ዓይኔን ሳላሽ አሉሚኒየሙን ነው የማነሳው። ካርቦኑን ገዝታችሁ ከሆነም አብሽሩ፣ ርካሹ ሾክ በደንብ ከተስተካከለ፣ ካልተስተካከለ ውድ ሾክ ይሻላል።

አንድ መልካም ዜና አለ። የዛሬ ርካሽ ሳይክል የኋላ አሠራሩ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ሆርስት ላይትነር የሚባል ኦስትሪያዊ የሠራው «ሆርስት ሊንክ» የተባለ የመገጣጠሚያ አቀማመጥ አለ፤ ፍሬን ስትይዙም የኋላው ጎማ ከመሬቱ ጋር በነጻነት እንዲንቀሳቀስ ይረዳል። የፈጠራ መብቱን ስፔሻላይዝድ የተባለው የአሜሪካ ሳይክል አምራች እ.ኤ.አ. በ1998 ገዝቶት ስለነበር አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የፈለገ ሌላ አምራች ወይ ይከፍላል፣ ወይ አይነካውም ነበር። ጊዜው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ይጠቀምበታል። ዋናው ልዩነት ያለው እንግዲህ ሾኩ ላይ ነው።

ሾክ ውስጡ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሞላው ነው፤ እዚህ ግን ሞላው ብረት አይደለም፣ የታመቀ አየር ነው። ሌላው በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ዘይት ነው። አየሩ ክብደታችሁን ይሸከማል። ዘይቱ ሾኩ ሲታጠፍና ሲመለስ ፍጥነቱን ይይዛል። አየሩን ሳያስተካክሉ ዘይቱን የሚቆጣጠሩትን ማዞሪያዎች መነካካት ድካም ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ አየር፣ ቀጥሎ ዘይት ነው።

አየሩን የምንለካው በሚሰምጠው መጠን ነው። ሳይክል ነጂዎች ሳግ ይሉታል፦ ዝም ብላችሁ ስትወጡበት ሾኩ ስንት ሚሊ ሜትር ወረደ? ለተራራ መንገድ ኋላ ከሾኩ ጉዞ (ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከሚሄደው ርቀት) ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ፊት ፎርኩ (የፊቱን ጎማ የያዘው ሾክ) ላይ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት። ለምን ይውረድ? ጎማው እብጠት ላይ ብቻ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥም ሥራ ስላለው ነው። ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ከሌለው ጉድጓዱን ይዘለዋል፣ ይሄኔ ከመሬት ይለቃል፣ የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይይዝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሾኩን ሙሉ ጉዞ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ሾኩ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 30 በመቶው 15 ሚሊ ሜትር ነው። መነሻ የሚሆን የአየር መጠን ከፈለጋችሁ ክብደታችሁን በፓውንድ አስቡትና ያንኑ ቁጥር በፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሙሉ። 70 ኪሎ ሰው 154 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ በ155 አካባቢ ይጀምራል። ይሄ መነሻ ብቻ ነው፣ ፍሬሙ ሾኩን የሚጫንበት አቅም ከሳይክል ሳይክል ይለያያል። ሾኩ እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ ካለው ክፈቱት። የምትነዱበትን ልብስ፣ ቦርሳና ውሃ ሁሉ ያዙ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ወይም ጓደኛ መሪውን ይዞላችሁ ውጡና ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጫኑ፣ ከዚያ ፔዳሉ ላይ እንደምትነዱበት ሆናችሁ ቁሙ። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ላይ ግፉና ሳትነጥሩ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቀለበቷ የሄደችውን በማስመሪያ ለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ አየር ጨምሩ፣ 10 ከሆነ ቀንሱ፣ በየጊዜው 5 ወይም 10 ፒኤስአይ ብቻ። ሰው የሚሰላቸው እዚህ ላይ ነው። አትሰላቹ።

ለዚህ የሾክ ፓምፕ የግድ ነው። ትንሽ ናት፣ በእጅ የምትሠራ፣ ሰዓት ያላት፣ ብዙዎቹ እስከ 300 ፒኤስአይ የሚያደርሱ። የጎማ ፓምፕ አይሆንም። ጎሚስታ ጋ ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስሞላትም አይሆንም፣ ምንም እንኳ የሾኩ ቫልቭ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ቢሆንና ጎሚስታው ደስ ብሎት «አምጣው» ቢላችሁም። የሾኩ የአየር ክፍል በጣም ትንሽ ስለሆነ በኮምፕሬሰር ልኬት መያዝ አይቻልም፣ ለአብዛኛው ሰው የሚፈለገውን ግፊት ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ራሱ አይደርስበትም። ፓምፑን ስታገናኙ ቁጥሩ ወረድ ብሎ ይታያል፤ ቱቦውን የሞላው የሾኩ አየር ነው እንጂ ሾኩ አላፈሰሰም። ስትፈቱት የምትሰሙት «ፍስስ» በአብዛኛው በቱቦው የቀረው አየር ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው «ሾኬ ያፈሳል» ብሎ ሲሟገት ብዙ ይታያል።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፦ ሾኩ ውስጥ ሌላ ትንሽ የአየር ክፍል አለ፤ ከተቃራኒው ወገን የሚገፋ። ከዋናው ክፍል በቀጭን መንገድ ይገናኛል። አየር በጨመራችሁ ቁጥር ፓምፑን ፈትታችሁ ሾኩን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ አድርጋችሁ ጨምቁት፣ ሁለቱ እንዲስተካከሉ። ከዚያ እንደገና ለኩ። ይሄን ካልዘለላችሁ ቁጥራችሁ እውነተኛ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። አብዛኛው ሾክ ላይ ቀይ ማዞሪያ አለ፤ የታጠፈው ሾክ የሚመለስበትን ፍጥነት ይወስናል። ርካሹ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ማዞሪያ ይሄ ብቻ ነው፤ ደግነቱ ዋናውም እሱ ነው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ዘገምተኛው አቅጣጫ አዙሩት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ መሃል ላይ አቁሙ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወደ አስፋልት ውረዱ። ሾኩ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ አንዴ ብቻ ትንሽ አልፎ ከረጋ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ፈጥኗል። ጭራሽ ካልነጠረና እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ዘግይቷል።

እውነተኛው ፈተና ግን ኮብልስቶን ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ ኮብልስቶን አይቸግርም። ረጅም የኮብልስቶን ቁልቁለት ፈልጉና ፔዳል ሳትመቱ ቆማችሁ ውረዱ። መጀመሪያ ልስልስ ብሎ ጀምሮ እየቆየ የሚደርቅባችሁ ከሆነ ሾኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው እየደረሰበት ነው፣ እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ታች ይቀራል ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀዩን አንድ ሁለት ጠቅታ ወደ ፈጣኑ አዙሩ። የሳይክሉ ኋላ ከታች እየረገጠ የሚያስነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ዘገምተኛው። አየር ከጨመራችሁ ሞላው ስለሚጠነክር መመለሻውንም ትንሽ ማዘግየት ያስፈልጋል። ያገኛችሁትን የፒኤስአይና የጠቅታ ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ ፍሬሙ ላይ ለጥፉ፣ ሳይክል ያዋሳችሁት ሰው መነካካቱ አይቀርምና።

ሳጉ ልክ ሆኖ ሳለ ሾኩ እየተላተመ ታች የሚመታ ከሆነ አየር ከመጨመር በፊት ቶክን የሚባለውን አስቡ። ቶክን የአየሩን ክፍል የሚያጠብ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ላይ ልስላሴውን ሳይነካ መጨረሻው ላይ ብቻ ያጠነክረዋል። ቀለበቷ ከወጣ ገባ መንገድ በኋላም መጨረሻ አካባቢ ደርሳ የማታውቅ ከሆነ በተቃራኒው አንድ ቶክን አውጡ። ቶክን ለመንካት ስትከፍቱ መጀመሪያ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ። በ150 ፒኤስአይ የታመቀ ነገር ሲፈናጠር ፊት አይመርጥም።

እዚህ ሀገር የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ደሴ ላይ ያስተካከልኩት ኮምቦልቻ ስወርድ ይበላሻል ወይ? ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የፓምፑ ሰዓት የሚያሳየው በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል 14.7 ፒኤስአይ ነው፣ ደሴ ላይ ወደ 11፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ12 ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ከፍታው ብቻውን የሚቀይረው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ 180 ለያዘ ሾክ ምንም ነው። ሙቀቱ ይበልጣል። ደሴ በጠዋቱ ብርድ በ15 ዲግሪ 180 የሞላችሁት ሾክ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲደርስ 187 ወይም 188 ያሳያል። የሚሰማ ልዩነት ነው፣ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም። ቆላ ለመንዳት ካሰባችሁ እዚያው ደርሳችሁ ለኩ። ጎማው ላይ ግን ሙቀቱ የጨመረውን ግማሽ ያህሉን የከፍታው ለውጥ ያጠፋዋል።

ስለ ጎማ ብዙ አልልም። ወፍራም ጎማ በራሱ ሾክ ነው፣ ስለዚህ እስኪጮህ አትንፉት። 70 ኪሎ ሰው ካላማዳሪ ያለውን በ28 አካባቢ፣ ካላማዳሪ የሌለውን ቱቦለስ በ20ዎቹ መጀመሪያ ይጀምር። ኋላውን ከፊቱ ሁለት ሦስት ከፍ አድርጉ። ቱቦለስ ውስጥ የሚገባው ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ በጥቂት ወራት ይደርቃል፣ ሙቀት ባለበት ደግሞ ይፈጥናል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ አቅጣጫ የግራር እሾህ አለና ፈሳሹ እርጥብ መሆኑን ሳታዩ አትሂዱ።

ፍሬን ላይ ግን እንቆይ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፣ ከኋላችሁ ደግሞ የጭነት መኪና አለ። ፍሬን ሳይለቁ ለብ አድርጎ ይዞ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ዋናው ጉዳይ ዘይቱ ነው። የሃይድሮሊክ ፍሬን ሁለት ዓይነት ዘይት ይጠቀማል፦ ሺማኖን የመሰሉት ሚኒራል ዘይት፣ ሌሎች ደግሞ ዶት የሚባለውን። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ወይም እጀታው ላይ ተጽፏል። ዶት 4 የመኪና ፍሬን ዘይት ነው፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ሚኒራሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ «ያው የፍሬን ዘይት ነው» ብሎ ሚኒራል በሚጠጣው ፍሬን ውስጥ ዶት ይጨምራል። ጎሚኒው ያብጣል፣ ፍሬኑ ይቆለፋል ወይም ያፈሳል፣ ከዚያ ሙሉው ይጣላል። ዶት ደግሞ ውሃ ይስባል። አዲሱ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ የጠጣው ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት ያለው ፍሬን እጀታው መሪው ድረስ ይገባል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። በዓመት አንዴ ቀይሩት።

ቀጥሎ ኩሽኔታ። የኋላው ክፍል በበርካታ መገጣጠሚያዎች ይታጠፋል፣ በየመገጣጠሚያው ኩሽኔታ አለ። እነዚህ ኩሽኔታዎች እንደ ቸርኬው ዙሪያውን አይዞሩም፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ብቻ ነው የሚሉት። ስለዚህ ውሃ ከገባ ጭቃውና ዝገቱ አንድ ቦታ ይተኛል። የክረምት ጭቃ ክፉ ነው፣ ከክረምት የከፋው ግን ላቫጆ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሳይክል አታሳጥቡ፤ ባልዲ፣ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል። ለመፈተሽ አንድ ሰው ኮርቻውን ይዞ ቀስ ብሎ ያንሳ፣ እናንተ ጣታችሁን የሾኩ ማሰሪያ ላይ አድርጉ። «ጠክ» ካለ የላላ ወይም የተበላ ነገር አለ። ቀጥሎ አየሩን አስወጡና የሾኩን አንዱን ብሎን ፍቱ፣ የኋላውን ጎማ በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። አሸዋ ያለበት ከመሰላችሁ ኩሽኔታው አልቋል።

ኩሽኔታው ሲያልቅ የሳይክል ሱቅ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አትሩጡ። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 6902 ካለ ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም ዓለም ይሄው ነው። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ቁጥሩን ተናገሩ፣ ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን ጠይቁ። ሲገባ በመዶሻ አይመታም፤ በረጅም ብሎንና በዳዶ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ፔዳሉ የሚዞርበት የመሃሉ ኩሽኔታ እንደ ብሎን በጥርስ የሚገባ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ተጨምቆ የሚገባው ዓይነት በርካሽ ፍሬም ላይ ቀዳዳው ልኩን ካልጠበቀ ይንጫጫል፣ ይንጫጫል፣ ይንጫጫል። ያም ቢሆን ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ካርቦኑ ተሰነጠቀ አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፔዳል፣ የኮርቻ ቱቦ ወይም የላላ ብሎን ነው።

አሁን ስለ ካርቦኑ፤ መቼም የሚያስፈራችሁ እሱ ነው። ካርቦን በመንዳት ብዛት ቶሎ አይደክምም፣ በዚህ አሉሚኒየምን ይበልጣል። የማይወደው ሁለት ነገር ነው፦ በአንድ ነጥብ ላይ መመታትና መጨመቅ። ብሎን እጅ በቃኝ እስኪል አታጥብቁ። የመሪና የኮርቻ ብሎኖች አብዛኞቹ የማጥበቂያ ልካቸው 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ልኩ ክፍሉ ላይ ተጽፏል፣ የሚለካ ትንሽ ቁልፍ ግዙ። የካርቦን ቱቦ ከተንሸራተተ ግራሶ አትቀቡት፤ ለካርቦን የተሠራ አሸዋማ ቅባት አለ። የታችኛውን ቱቦ ድንጋይ እንዳይመታው የተጣለ የመኪና ካላማዳሪ ቁረጡና በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩበት። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ድንጋይ ከመታው ቦታውን አጥቡና እዩ። ቀለም ብቻ ከተፋቀ ምንም አይደለም። በአውራ ጣት ስትጫኑት ከሰመጠ፣ በሳንቲም ስታንኳኩት ከዙሪያው የተለየ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ጨርቅ ስታልፉበት ክር ከያዘ፣ መንዳቱን አቁሙ። ካርቦን አይበየድም። በካርቦን ጨርቅና በኢፖክሲ ይጠገናል፣ ያውም በሚያውቅ እጅ። የመኪና ቀለም ቤት ስቱኮ ግን መሸፈኛ እንጂ ጥገና አይደለም። ያገለገለ ካርቦን ስትገዙ ከሁሉ በፊት የምትፈልጉት ይሄንን ነው፦ ፔዳሉ አካባቢ፣ መሪው ሥር፣ የሾኩ ማሰሪያ ላይ፣ ከሌላው ቦታ የተለየ ትኩስ ቀለም። ሻጩ «ለውበት ነው» ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

እንዲህ ተጠንቅቃችሁ ያቆያችሁትን ፍሬም የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ አይደለም፣ መልሱ ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ዳገቱን በሚኒባስ ለመመለስ ስታስቡ ሳይክሉ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ረዳቱ አስተኝቶ፣ ከላዩ ጆንያ ጭኖ፣ ገመዱን በመሃለኛው ቱቦ ላይ አዙሮ በእግሩ እየረገጠ ያጠብቃል። ያ ቱቦ ከጎን ለሚመጣ ጭነት አልተሠራም፣ ግድግዳው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ራሳችሁ ውጡ። ሳይክሉን አቁሙት፣ ገመዱን በሁለቱ ቸርኬዎችና በኮርቻው ቱቦ ብቻ እሰሩ፣ ከብረቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ አስገቡ። ፊቱን ጎማ ፈትታችሁ ከሆነ የፍሬኑ ሸራዎች መሃል የተጣጠፈ ካርቶን ሰክኩ፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው እጀታውን ቢጨብጠው ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ከዚያ ዲስኩ አልገባም ይላችኋል።